ማን አብሮዎት አለ?

«በልተዋል ወይ፣ ሲስተር?» አለቻት እናኑ በስልክ። ቀጠለችና «ማን አብሮዎት አለ?» አለቻት። በቃ፤ ከዚህ ወዲያ ሸዋገነትን ምን እንቅልፍ ይወስዳታል! ፀሐይ ወጥታለች፣ ይቺን ፀሐይ ካሏት፤ ሊድስ በሚሉት የእንግሊዝ ከተማ ፀሐይ በከሰል ጭስ ውስጥ እንደ አሮጌ ሳንቲም ደብዝዛ ነው የምትውል። ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ስትገለብጥ አድራ ገብታለች፤ እግሯ አብጧል፤ መጋረጃውን በመርፌ ቁልፍ ግጥም አድርጋ ዘግታለች፤ የነርሶቹ ማደሪያ ጭር ብሏል፣ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፤ እሷ ግን በጀርባዋ ተንጋላ ጣራ ታያለች። ተኚ እንጂ፣ ማታ ደግሞ ሥራ አለሽ፣ ትላለች ለራሷ። ማን ሰምቷት! ስልኩ የትናንት ነው፤ ልጅቷ ግን አሁንም ጆሮዋ ሥር ቆማ ትጠይቃታለች፤ በልተዋል ወይ፣ ማን አብሮዎት አለ። ሌላ ሰው ቢሆን፣ እሰይ፣ ተማሪዬ አሰበችልኝ ብሎ ደስ ብሎት ይተኛ ነበር። ሸዋገነት ግን ሁለቱን ጥያቄዎች ታውቃቸዋለች። ያወጣቻቸው እሷ ናት። ጎንደር፣ ሴቶች በሚተኙበት ክፍል በር ላይ፣ ነጭ ቆብ የደፉ ልጃገረዶችን ሰብስባ፣ ለሐዘንተኛ መርዶ ከመናገራችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን ትጠይቃላችሁ ብላ ያስተማረች እሷ ናት። እንግዲህ ሰው ሞቶባታል ማለት ነው። ያላት ደግሞ ሁለት ሰው ብቻ ነው። ወይ እናቷ ናት፣ ወይ ልጇ ናት።

ባሏ ኮንጎ ዘምቶ እዚያው ቀርቷል። ወንድም የላት፣ እህት የላት። እናቷ ወይዘሮ አበቡ ቀሐ ወንዝ ዳር ባለችው ቤታቸው የስድስት ዓመቷን ጽጌሬዳን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሸዋገነት የነርስ አስተማሪነት ትምህርት ተፈቅዶላት ስትመጣ ልጅቱ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። በየበዓሉ ስልክ ታስይዛለች። አንዷ ስልከኛ ለንደን፣ ሌላዋ አዲስ አበባ፣ ሌላዋ ጎንደር ሆነው እየተቀባበሉ፣ መስመሩ እየተቆረጠ እየተቀጠለ፣ ፒያሳ ካለው ጣልያን የሠራው ፎቅ ይደርሳል፤ እዚያ የጃንሆይ ፎቶ ከተሰቀለበት ሥር እናኑ እናቷንና ልጇን ይዛ ትጠብቃታለች። እናኑ ተማሪዋ ነበረች፣ አሁን ራሷ ነርስ ሆና ሌሎች ታስተምራለች፤ ሰው ከመሆኗም የተነሣ ወይዘሮ አበቡን እንደ እናቷ ነው የምታያቸው። እናትየው ስልኩን እንደያዙ ይጮኻሉ፤ ማዶ ላይ ያለ እረኛ የሚጠሩ ነው የሚመስለው። «ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ይሰማታል» ሲሏቸው «ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ እንዴት አድርጎ ይሰማታል፣ ልቀቁኝ ልጩህ!» ይላሉ። ጽጌሬዳ ደግሞ አትናገርም፤ ትንፋሿን እፍ እያለች ትስቃለች። ትናንት ቡሄ ነበር። ጅራፍ ጮኸ ወይ፣ ሙልሙል ተጋገረልሽ ወይ ብላ ልትጠይቃት ስልኩን አነሣች፤ እናኑ ብቻዋን መጥታለች።

«እማዬስ?»

«ደህና ናቸው።»

«ጽጌሬዳስ?»

«ደህና ናት።»

«ምነው ታዲያ ሳይመጡ ቀሩ?»

«ክረምት አይደል፣ ሲስተር። ቀሐ ሞልቷል።»

ቀሐ ሞልቷል! አምናም ሞልቶ ነበር፤ ወይዘሮ አበቡ በሰው ትከሻ ተሻግረው፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሶ ነው ስልክ ቤት የገቡት። ሸዋገነት ግን በዚያች ሰዓት ይህ አልታሰባትም። የልጇን ትንፋሽ ሳትሰማ መቅረቷ ብቻ አብሽቋት ነበር። እናኑ በልተዋል ወይ አለች፤ ኧረ አሁን ከሥራ መግባቴ ነው አለቻት። ማን አብሮዎት አለ አለች፤ «ማን ይኖረኛል፣ ብቻዬን ነኝ እንጂ» ብላ ሳቀች ሸዋገነት። ሳቀች! ከዚያም በዚያ ጫፍ ሽቦው ብቻ ይንሿሿል፤ «እንግዲያው ይበርቱልኝ፣ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን» አለች እናኑ፣ ተዘጋ። ደረጃውን እየወጣች ሳለች ነው የገባት። እጇ የደረጃውን ብረት እንደጨበጠ ቀረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአያ አለበል ነው። አያ አለበል የጃናሞራ፣ የመካነ ብርሃን ገበሬ፣ ያን ሁሉ ዳገትና ገደል ሚስቱን በቃሬዛ አሸክሞ የመጣ ሰው ነበር። የተሸከሙለት ጎረቤቶቹ አጨዳ ደርሶባቸው ተመለሱ፤ እሱ ቀረ። ምጡ ጸንቶባት ነበር፤ ሕፃኑ አልተረፈም፣ እሷም በማግሥቱ አረፈች። በዚያች ሰዓት ሸዋገነት ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ለአዳዲስ ተማሪዎች በሽተኛው ሳይነሣ አንሶላ እንዴት እንደሚለወጥ ታሳያለች፤ ጎን አስይዟት፣ ጠቅልሉት፣ ወደኔ ሳቡት፣ ቀስ፣ ሰው ነው ጆንያ አይደለም፣ ትላለች። የውጭ አገሩ ሐኪም ቸኩሏል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ቸኩሏል። አያ አለበልን ኮሪደር ላይ አገኘውና በዚያ የምታልፈውን ተማሪ ተርጉሚልኝ አላት። ተማሪዋ እናኑ ናት፤ የጭልጋ ልጅ፣ እንግሊዝኛዋ ሸጋ፣ የተነገራትን ሳትጨምር ሳትቀንስ የምታደርስ። «ሚስትህ ሞታለች ይልሃል» አለችው። እንዲህ ነው የነገረችው፤ ቆሞ፣ ዱላውን እንደያዘ፣ በባዶ ሆዱ፣ አንድ ዘመድ በሌለበት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ አያ አለበል። ለሐኪሙም ለእናኑም እጅ ነሥቶ ወጣ። ውጭ ሊያለቅስ ነው አሉ። ሬሳ የሚሸከሙ ሰዎች ሊያመጣ ሄደ አሉ። በኋላ ከዳባት ወዲያ ገደል ሥር ተገኘ የሚል ወሬ በገበያተኛ መጣ፤ ይውደቅ፣ ራሱን ይወርውር፣ ያየ የለም። ሚስቱን ማንም ሳያለቅስላት ሆስፒታሉ ቀበራት።

እናኑ እህል አልበላ አላት። «እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ሲስተር» ትላለች። አንቺ አይደለሽም፣ አንሶላ ማንጠፍ አስተምረንሽ ይህን ያላስተማርንሽ እኛ ነን፣ ብላታለች ሸዋገነት። ደግሞስ ይህ ትምህርት የሚያስፈልገው ነበር ወይ? መርዶ እንዴት እንደሚነገር አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ባለ ሐዘኑ አንድ ነገር ሳይሰማ በልቶ ይተኛል፤ ዘመድ በየጓሮው ይሰበሰባል፤ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ቀድሞ በሩን ያንኳኳል፤ ቢወድቅ የሚደግፈው፣ ወደ ገደል ቢል የሚይዘው ከብቦት ቆሞ ነው የሚነገረው። ታዲያ ያንኑ አገር የሚያውቁ ልጆች ነጭ ቆብ ሲደፉ ምነው ረሱት? ረሱት እንጂ። ነጭ ግድግዳ ያስረሳል። ስለዚህ ሸዋገነት በየሳምንቱ ከበሽተኛው አልጋ ራስጌ ትምህርቱን ስትጨርስ ልጆቹን በር ላይ ታቆማቸዋለች፤ አንዷ ነርስ፣ አንዷ ሐዘንተኛ ትሆናለች። እናኑ ሁልጊዜ ገበሬውን ነው የምትሆነው። ነጠላዋን እንደ ጋቢ ጣል አድርጋ፣ መወልወያውን ዱላ አድርጋ፣ በጃናሞራ ቃና «ኧረ ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» ስትል ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ሸዋገነትም ትስቃለች። እናኑ ግን አትስቅም።

«በልተሃል ወይ ትላላችሁ። ማን አብሮህ አለ ትላላችሁ። ሰው አለኝ ቢላችሁ አትመኑ» ትላቸዋለች። «ባላገር ሰው ማስቸገር ነውር ነው የሚመስለው፤ ወንድሜ ውጭ ቆሟል ይላችኋል፣ ወንድሙ የለም። አምጣውና ልየው በሉት። ሲመጣ መጀመሪያ ለሰውየው ንገሩት፣ እጁን ያዝልኝ በሉት። ከዚያ ነው ለባለቤቱ የሚነገረው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ ይህን መድኃኒት ሳታዘጋጁ ቁስል አትክፈቱ።»

«ሰው ከሌለውስ፣ ሲስተር?» ትላለች እናኑ።

«እስኪኖረው ድረስ ደህና ናት በሉት።»

«ውሸት አይሆንም?»

«ውሸት ነው። ስትዋሹ ግን አታስጊጡት። ደህና ናት፣ አለቀ። ዛሬ ሾርባ ጠጣች፣ ሳቀች፣ ስምህን ጠራች ካላችሁት፣ ነገ እውነቱን ሲያውቅ ያቺን ሳቋን ዕድሜ ልኩን ሲያላምጣት ይኖራል።»

ደህና ናቸው። ደህና ናት። ሸዋገነት ሁለቱን ቃል በሁለት መዳፏ ይዛ ትመዝናቸዋለች፤ አልጋው ላይ ተነሥታ ተቀምጣለች አሁን፤ የትኛው ከበደ? የትኛው ላይ ድምጿ ሰለለ? የትኛውም ላይ አልሰለለም። ምን ዓይነት ተማሪ ናት፣ እግዚኦ! እንዲህ አድርገሽ ተማሪ ብዬሽ ነበር ወይ? ትንሽ እንኳ ብትሳሳት ምን ነበረበት? እናቷ ሞተው ቢሆን ልጅቱን ስልክ ቤት አያመጧትም፣ ሕፃን አፏ አያርፍም፤ ልጅቱ ሞታ ቢሆን እናቷ አይመጡም፣ ስልኩን ሲይዙ እሪታቸውን ነው የሚለቁት። በዚህም ቢሄዱ በዚያም ቢሄዱ ሁለቱም ይቀራሉ። ልክ በሽተኛ እንደምትመረምር ምልክቱን ሁሉ ደረደረችው። እናቷ ደረታቸውን ያማቸዋል፤ ክረምት ሲገባ እስከ ንጋት ተቀምጠው ነው የሚያድሩት፤ ዕድሜም አለ። ልጅቱ ደግሞ ሕፃን ናት፤ ክረምት ሕፃን ያነሣል፤ ተስቦ፣ ትክትክ፣ ኩፍኝ፣ ስንቱን ሕፃን በእጇ ዓይኑን ከድናለች! ከወለቃ የገዛችላትን የሸክላ ፈረስ ይዛ ነው የምትተኛው፤ አንገቱ ተሰብሮ በሙጫ አጣብቃላታለች። አሁንስ ይዛው ተኝታ ይሆን? እማዬ ትሁን።

ማን ነው ያለው?

ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። መጋረጃው ላይ የታሰረች ትንሽ ብርሃን አለች፣ ወንበሩ ላይ የተጣለ ነጭ ልብሷ አለ፣ ሌላ ነገር የለም። እሷ ናት ያለችው። በሆዷ አይደለም፣ በአፏ ነው ያለችው፣ በአማርኛ፣ ጥርት አድርጋ። አማተበች። ሦስት ጊዜ አማተበችና እጇን አፏ ላይ አደረገችው። እናቷን ለሞት የምትመርጥ ልጅ! ዘጠኝ ወር የተሸከሙ፣ ባል ሳይኖራቸው ጠላ ሸጠው ያስተማሩ፣ ልጄ ነርስ ናት ብለው ቆቧን በአደባባይ የሳሙ እናት! ልትመልሰው ሞከረች። እንግዲያው ማን ይሁን ልትል ነው፣ ሸዋገነት? እስቲ በይ! ጽጌሬዳ ትሁን ልትይ ነው? ምላሷ አልታዘዘላትም። ሁለቱም ይሁኑ ደህና፣ ተሳስቼ ነው፣ እናኑ እንዲሁ በልቼ እንደሆነ ጠይቃኝ ነው፣ አለች፤ እሱንም ራሷ አላመነችውም። ሆዷ ግን ያችኑ ይደጋግማል፤ እማዬ ትሁን፣ እማዬ ትሁን። የሄደች ቀን እናቷ እስከ ማኪናው ድረስ መጥተው ነበር። ጽጌሬዳ ጀርባቸው ላይ ተኝታለች። ቦርሳዋን እያቀበሏት «እዚያስ ማን አለሽ?» አሏት። ሰው አለኝ፣ እማዬ፣ አለቻቸው። ማንም የላትም፤ አንድ የምታውቀው ሰው የለም፤ ሰው አለኝ አለች። እሳቸውም አመኗት፣ ወይም ያመኑ መሰሉ። ከዚያ በጀርባቸው ያለችውን በአገጫቸው ጠቆም አድርገው፣ ልክ ስለ ሽንኩርት የሚያወሩ ይመስል፣ «ስለሷ አታስቢ። ከሷ እኔን ያስቀድመኝ እንጂ» አሉ። እንዲህ ብለዋል። ብለዋል እኮ። ታዲያ እሳቸው ያሉትን እሷ ብትለው ምን ኃጢአት አለው? አለው። እናት ትለዋለች፣ ልጅ አትለውም።

እዚህ አገር ደግሞ መርዶ ነጋሪው ሻይ ነው። ይህን በመጣች በሰሞኑ ነው ያወቀችው። እዚያ አስተማሪ የነበረችው ሰው እዚህ እንደ አዲስ የአልጋ ማዕዘን ማጠፍ ተማሪ ተብላ፣ ከሥሯ የሚሆኑ ልጆች እያረሟት፣ እሺ እሺ እያለች ሁሉንም ታይ ነበር። በሽተኛ ሲሞት የክፍሉ ኃላፊ ዘመዱን ወደ ትንሿ ክፍል ታስገባለች፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ታስይዘዋለች፣ ትነግረዋለች፤ ሰውየው አመሰግናለሁ ብሎ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ይሄዳል። አንዴ ከመስኮት አየች፤ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ የሚስቱን የቤት ጫማ በወረቀት ከረጢት ይዞ፣ ብቻውን አውቶቡስ ይጠብቃል። ምነው፣ የሚሸኘው የለም እንዴ፣ አለች። «ደህና ነው፣ በደንብ ነው የተቀበለው» አለቻት የክፍሉ ኃላፊ። አያ አለበልም በደንብ ተቀብሎ ነበር፤ እጅ ነሥቶ ነው የወጣው። ይህን ግን ለማን ትናገረዋለች? ከዚያ ወዲህ ስኳር የበዛበት ሻይ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

ተነሣች። ከሌሊት ልብሷ ላይ ነጠላዋን ጣል አደረገች፤ እጇ ጥለቱን ወደ ላይ ሊያዞረው፣ እንደ ሐዘንተኛ ሊያዘቀዝቀው ሲል ደንግጣ መለሰችው፣ ሟርት ነው። ወርዳ ኮሪደሩ ላይ ባለው ስልክ ለስልከኛይቱ እናኑ የምትሠራበትን የጎንደሩን ሆስፒታል ነገረቻት። ይጠብቁ ተባለች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ወተት አዳዩ ጠርሙሱን እያንቀጫቀጨ አለፈ፤ ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷ ሥራዋን ጨርሳ እያፏጨች ወጣች፤ ስልኩ ዝም። የደወለ ጊዜ ከመቀመጫዋ እንዴት እንደተነሣች አታውቀውም።

«እናኑ፣ አሁን ሰው አብሮኝ አለ» አለች፣ እንደምን ነሽ እንኳ ሳትል።

ሽቦው ተንሿሿ። «እሰይ» አለች እናኑ ቀስ ብላ። «እስቲ ስልኩን ይስጧት፣ ላናግራት።»

«እንግሊዝ ናት። አማርኛ የት ታውቃለች!»

«እንግሊዝኛ አስተምረውኝ የለ፣ ሲስተር።»

«ወጣ ብላለች።»

«እንግዲያው ስትመለስ ይደውሉልኝ። ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

«እናኑ! እኔ እኮ አስተማሪሽ ነኝ! ንገሪኝ እያልኩሽ ነው! ማን ናት? ይህን ብቻ፣ ማን ናት?» ጮኸች፤ እንደ እናቷ ነው የጮኸችው፣ ኮሪደሩ መለሰላት።

«አስተማሪዬ ነዎት» አለች እናኑ። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ እንደ ተማሪ አይደለም የምትናገረው፣ እንደ ሽማግሌ ነው። «ያስተማሩኝን ነው የማደርገው። አያ አለበልን አልደግመውም። ስወድዎ፣ እባክዎ፣ ሰው ይፈልጉ።»

ሰው ይፈልጉ። የት ነው ሰው የሚፈለገው? ሸዋገነት ስልኩን እንደያዘች ቆማ ይህን ሁሉ ሕዝብ አሰበችው። ማታ ማታ አብራቸው የምትሠራው አሉ፤ ተኝተዋል፣ ቤታቸውንም አታውቀው። አብረዋት የሚማሩት አሉ፤ ስሟን እንኳ መጥራት አቅቷቸው «ሼባ»፣ ሳባ ለማለት፣ ብለው የሚጠሯት። ሁለት ዓመት ኖራ አንድ በሩን የምታንኳኳበት ሰው አላበጀችም፤ ለምን ቢሏት ሥራ ትላለች፣ ትምህርት ትላለች፣ ከተቀመጠች ልጇ ትዝ ስለምትላት ነው እንጂ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይሉ ነበር እናቷ። ይሉ ነበር? ወይስ ይላሉ? በዚህ ሰዓት በቤቱ ያለችው የማደሪያው ኃላፊ ብቻ ናት፣ ሚስስ ሃርግሪቭ፤ ፊቷ እንደ ታጠፈ አንሶላ መጨማደድ የማያውቅ፣ በርበሬ ቤቱን አሸተተው ብላ ሸዋገነትን ከሰው ፊት የተቆጣች፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም እንደምን አደርሽ ተባብለው የማያውቁ ሴት። ሸዋገነት ሄዳ በሩን አንኳኳች። ኩራት ምን ያደርጋል!

«ስልክ ስነጋገር አጠገቤ እንዲሆኑልኝ ነው» አለቻት በእንግሊዝኛ።

«ለምን?» አለች ሴትዮዋ፣ በእጇ መጥረጊያ ጨርቅ ይዛለች።

«ሰው ሞቶብኛል። እናቴ ወይም ልጄ ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም። ብቻዬን ከሆንኩ አይነግሩኝም። መጀመሪያ ለእርስዎ ነው የሚነግሩት። ሰምተው እንዳይነግሩኝ።»

ሚስስ ሃርግሪቭ አየቻት። ይህ ምን ዓይነት አገር ነው የምትል ትመስላለች። «ልጅ አለሽ?» አለች በመጨረሻ። ሁለት ዓመት አንድ ቤት ኖረው ይህን አልሰማችም። ጨርቁን አስቀመጠች፣ ሽርጧን ፈታች፣ እንደ እንግዳ አለባበሷን አስተካክላ ተከተለቻት፤ ሸዋገነት የጎንደሩን ስልክ እንደገና አስያዘች፤ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አድርገው ተቀመጡ፤ ጠበቁ።

ስልኩ ደወለ። ሚስስ ሃርግሪቭ አነሣችው። እናኑ በዚያኛው ጫፍ ስትናገር ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም፤ ሸዋገነት የሴትየዋን ፊት ታነባለች፤ ቅንድቧን፣ ከንፈሯን፣ ጉሮሮዋን። «አዎ» አለች። «አዎ፣ ተቀምጣለች።» ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ለማን ነው የጨፈነችው? ለሽማግሌ ነው እንዲህ የሚጨፈን ወይስ ለሕፃን? ፊቷ ላይ የትኛዋ ናት? ሞቱን አውቃለች፤ የሷን ሐዘን ይቺ የማትወዳት ሴት ከሷ ቀድማ ይዛዋለች። «አልነግራትም» አለች ሚስስ ሃርግሪቭ። ግራ እጇን ዘርግታ የሸዋገነትን እጅ ያዘች፤ እጇ ሻካራ ነው፣ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ አጥብቃ ነው የያዘችው። ስልኩን ሰጠቻት።

«ሲስተር።»

«ንገሪኝ።»

«ቀምሰዋል ወይ?»

«አልቀመስኩም። ንገሪኝ፣ እናኑ፣ በማርያም!»

«እሺ» አለች እናኑ። ትንፋሽ ወሰደች። «ተስቦ ነው የገባው። ሁለቱም ተኙ። እኔው ነኝ ያስታመምኳቸው፣ ከእጄ አልወጡም። እማማ አበቡ ፍልሰታ እንደገባ አረፉ። ቀሐ ኢየሱስ ነው ያሳረፍናቸው፣ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ነው የቀበራቸው፣ አላፈሩም።»

«ጽጌሬዳስ?»

«በላብ ወጣላት። ዳነች። እኔ ጋ ናት የምትኖረው፣ አሁን አብራኝ መጥታ በር ላይ ቆማለች፣ ትስቃለች።»

«ተመስገን!» አለች ሸዋገነት።

ድምጿ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ደስ ብሎት፣ ከሆድ፤ ደረጃው ሥር ድረስ ተሰማ። የራሷን ድምፅ የሰማችው ከወጣ በኋላ ነው። በዚያኛው ጫፍ እናኑም ሰምታዋለች። ማዶ ላሉ የሚጮኹት፣ ርሰው የሚመጡት፣ ጠላ የሸጡት፣ አፈር ለብሰው ገና አርባቸው ሳይወጣ በልጃቸው አፍ ተመስገን ተባለባቸው። መርዶውን በእልልታ ተቀበለችው፣ ይኸው ነው። ከወንበሯ ተንሸራተተች። ስልኩ ከእጇ ወድቆ በሽቦው ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፣ እናኑ «ሲስተር! ሲስተር!» ስትል ከውስጡ ይሰማል፤ ሸዋገነት እማዬ፣ እማዬ ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም፣ ያን አንዱን ቃል ካለች በኋላ ሁሉም ቃል አልቆባታል። ሚስስ ሃርግሪቭ ሁለት እጇን በብብቷ አስገብታ ያዘቻት። እናኑ ያዘዘቻትን ነው የምታደርገው። ገደል የለም እዚህ፤ ብትወድቅ ሲሚንቶ ነው፤ እሷ ግን አልለቀቀቻትም።

«ምን ነበር ያልሽው?» አለቻት በኋላ፣ ፀጉሯን ከፊቷ እያነሣችላት። «ስትሰሚ ያልሽው ቃል። ምን ማለት ነው?»

ሸዋገነት ቀና ብላ አየቻት። እንደተባለው ተርጉሙ፣ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ፣ ይሉ ነበር ሐኪሞቹ፣ ጎንደር።

«እናቴ ማለት ነው» አለቻት።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ጠጋ አለች፤ የሸዋገነትን ራስ ደረቷ ላይ አስደገፈች፤ ጀርባዋን እያሻሸች፣ ምላሷ እየተኮላተፈ፣ እያጽናናቻት፣ «ተመስገን» ትላት ጀመር፤ «ተመስገን፣ ተመስገን።»